የሞተር ሳይክል ካላማዳሪና ቸርኬ አመራረጥ፦ «ይገባል» እና «ይሆናል» ለየቅል ናቸው

የሞተር ጎማ ልንገዛ ስንሄድ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ጥርሱ ላይ ነው። እንጫነዋለን፣ እናገላብጠዋለን፣ በዋጋው እንከራከራለን። ካላማዳሪው ትዝ የሚለን ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው። «በል እስቲ ካላማዳሪም ጨምርልኝ» እንላለን፣ ሻጩ ከመደርደሪያ አንዱን ያወርዳል፣ አለቀ። ጎማው የሚገጠምበትን ቸርኬ ደግሞ እስኪጎብጥ ድረስ የሚያየው የለም።

እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ጎሃ ጽዮንን አልፌ የአባይን በረሃ ቁልቁለት ጀመርኩ። ገና ብዙም ሳልወርድ የኋላ ጎማዬ በአንድ አፍታ ተነፈሰ። ሞተሩ ግራና ቀኝ ተወላገደብኝ። ቀስ ብዬ ስለነበር ሳልወድቅ ቆምኩ። ጎማውን ስንከፍተው ሚስማር የለም፣ እሾህ የለም። ካላማዳሪው እንደ ጨርቅ ታጥፎ ተኝቷል። እጥፋቱ ላይ እርስ በርሱ ሲፋተግ ሳስቶ ሳስቶ ተቀዷል። ጎማው አዲስ ነበር፣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ችግሩ ቸርኬዬ ባለ 17 ኢንች፣ የተገጠመልኝ ካላማዳሪ ደግሞ ባለ 18 መሆኑ ነው። ስገዛ ጠይቄ ነበር። «ያው ነው፣ ይገባል» ተባልኩ። እውነትም ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩን ራሴ ሳላነብ ምንም አልገጥምም። እናንተም እንድታነቡት ነው ይህን የምጽፈው። ካላማዳሪ ያልኩት ጎማው ውስጥ ገብቶ የሚነፋውን ነው። ከመነዳሪ የሚሉትም አሉ። ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፣ የአየር ክፍል እንደ ማለት። ቸርኬም ጎሚስታም ከዚያው የመጡ ናቸው።

1. መጀመሪያ የጎማውን ጎን አንብቡ

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው መጠን በሁለት ዓይነት መንገድ ይጻፋል።

አንደኛው 2.75-17 ወይም 3.00-17 የሚለው ነው። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ባሉ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የምታዩት ይህን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች ነው። ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር፣ እሱም በኢንች ነው።

ሌላው 90/90-18 የሚመስለው ነው። የመጀመሪያው 90 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። መካከል ያለው 90 ግን ሚሊ ሜትር አይደለም፣ ፐርሰንት ነው። የጎማው ቁመት የስፋቱን 90 ፐርሰንት ያህላል ማለት ነው፣ እዚህ ላይ 81 ሚሊ ሜትር። የመጨረሻው 18 አሁንም የቸርኬው ኢንች ነው።

በስፋቱ ላይ ትንሽ መላወሻ አለ። በመጨረሻው ቁጥር ላይ ግን ምንም መላወሻ የለም። 17 ከ17 ጋር፣ 18 ከ18 ጋር፣ በቃ። «አንድ ኢንች ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው ሒሳቡን ልንገረው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያው ላይ ሲሰላ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 18 ካላማዳሪ ባለ 17 ጎማ ውስጥ ስትከቱ ያ 8 ሳንቲ ሜትር የት ይሂድ? መታጠፍ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። የእኔ ካላማዳሪ የታጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፊትና የኋላው ሊለያይ እንደሚችልም አትርሱ። ለገጠር መንገድ በተሠሩ ሞተሮች ላይ፣ ለምሳሌ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ላይ፣ የፊቱ 80/90-21 ሲሆን የኋላው 110/80-18 ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «የያማሃ ካላማዳሪ» ብቻ ብትሉ የትኛውን እንደሚሰጧችሁ አይታወቅም።

ከመጠኑ ቀጥሎ 51ፒ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፣ ፊደሉ በላቲን ነው። ቁጥሩ ጎማው የሚችለውን ክብደት፣ ፊደሉ ፍጥነቱን ይናገራል። 41 ማለት 145 ኪሎ፣ 45 ማለት 165፣ 47 ማለት 175፣ 51 ማለት 195፣ 57 ማለት 230 ኪሎ ነው። ከፊደሎቹ ጄ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ኤል 120፣ ፒ 150 ነው። ለአብዛኞቻችን ፍጥነቱ አያሳስብም። ክብደቱ ግን ያሳስባል። ከኋላ ሰው አስቀምጣችሁ ከሰውየው ጀርባ ደግሞ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ካሰራችሁ፣ ሸክሙ አብዛኛው የሚያርፈው የኋላ ጎማ ላይ ነው። የኋላ ጎማ ስትመርጡ ይህን ቁጥር ከፍ አድርጉ።

የተሠራበትንም ጊዜ እዩ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ብቻ የያዘች ሞላላ ምልክት አለች። 2321 ካለች በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ በእኛ 2013 መጨረሻ አካባቢ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር አንብበው የተደናገሩ ሰዎች አይቻለሁ። ጎማ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ላይ የፀጉር ቅጥነት ያላቸው ስንጥቆች ካያችሁ ተዉት።

2. ቸርኬያችሁ የትኛው ዓይነት ነው?

ሽቦ ያለው ቸርኬ አለ፣ ወጥ ሆኖ የተቀለጠ የአልሙኒየም ቸርኬም አለ። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም።

ባለ ሽቦው ለእኛ መንገድ ጥሩ ነው። ኮብልስቶንም ጉድጓድም ሲመታው ሽቦዎቹ ትንሽ ይሰጣሉ። ቢጎብጥም የሚያቃና ባለሙያ አይጠፋም። ግን እያንዳንዱ ሽቦ ቸርኬውን በስቶ ነው የሚያልፈው። በነዚያ ቀዳዳዎች ንፋስ ያመልጣል። ስለዚህ ባለ ሽቦ ሞተር ካላችሁ፣ ጥቂት ለየት ብለው ከተሠሩ ውድ ቸርኬዎች በቀር፣ ካላማዳሪ ግድ ነው።

ወጡ የአልሙኒየም ቸርኬ ንፋስ አያስወጣም። ያለ ካላማዳሪ ሊሠራ ይችላል። ድክመቱ ኃይለኛ ምት ሲያገኘው ከመጉበጥ ይልቅ መሰንጠቁ ነው። የተሰነጠቀ የአልሙኒየም ቸርኬ በብየዳ ተጠግኖ ሲሸጥ ካገኛችሁ አትግዙ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰበር ደግሞ ቀስ ብሎ አይነግራችሁም።

ቸርኬው ላይ የተመታ ጽሑፍ አለ። 1.60×17 ወይም 17×1.85 የሚመስል ነው። ትንሹ ቁጥር የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ይህም የሚለካው ከውስጥ ወደ ውስጥ፣ የጎማው ከንፈር በሚቀመጥባቸው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ነው። ከንፈር የምለው ሽቦ የተቀበረበትን ጠንካራውን የጎማ ጠርዝ ነው። በውጭ በኩል ለክታችሁ ሱቅ ብትሄዱ የተሳሳተ ትገዛላችሁ።

ባለ 2.75 ጎማ 1.60 ወይም 1.85 ላይ ይቀመጣል። ባለ 3.00 ጎማ 1.85ን ይወዳል፣ 1.60ም ይይዘዋል። ባለ 3.50 ከሆነ ወደ 2.15 ውጡ። ሰዎች ሞተሩ ገዘፍ ብሎ እንዲታይ ቀጭን ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ይከታሉ። የሚሆነው ይህ ነው፦ ጎማው ጎኑ ይቆነጠጥና ጀርባው ይሾላል። መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል። መሐሉ ቶሎ ያልቃል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ሞተሩ ይንሳፈፍባችኋል። ተቃራኒው፣ ሰፊ ቸርኬ ላይ ቀጭን ጎማ፣ ከንፈሩ በደንብ ስለማይቀመጥ የባሰ አደገኛ ነው።

ያገለገለ ቸርኬ የምትገዙ ከሆነ፣ ወይም የራሳችሁን የምትፈትሹ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጉ። ጎማውን ከመሬት አንሱ። አንድ እርሳስ ወይም ሽቦ ከሹካው ጋር እሰሩና ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ጎማውን አሽከርክሩ። ቸርኬው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ መቃናት አለበት። ቀጥሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ቁልፍ መታ መታ አድርጉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ዱብ ይላል።

የብረት ቸርኬ ከሆነ ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ። ዝገት ለካላማዳሪ አሸዋ ወረቀት ነው። በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ ወረቀት ጥረጉት፣ ቀለም ቀቡት፣ ይድረቅ። ዝገቱ ቸርኬውን ከበላውና ቅርፊት እየሆነ ከተነሳ ግን ቀለም አያድነውም።

3. ቲቲ ወይስ ቲኤል?

ጎማው ጎን ላይ በላቲን ፊደል ቲቲ ወይም ቲኤል ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ ላይ ቃሉ ሙሉውን አለ። ቲቲ ካላማዳሪ የሚፈልግ ነው። ቲኤል ቱብለስ ነው፣ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ።

ቲቲ ጎማ የትኛውም ቸርኬ ላይ ቢሆን ካላማዳሪ ይግባበት። ያለ ካላማዳሪ ንፋስ እንዲይዝ አልተሠራም። ቱብለስ ጎማ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራው ለቱብለስ የተሠራ ቸርኬ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቸርኬ ከንፈሩ ከሚቀመጥበት አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ትንሽ ጉብታ አለው። ጎማው በድንገት ቢተነፍስ ከንፈሩ ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት የምትይዘው ያቺ ጉብታ ናት። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ላይ ኤምቲ የሚል ታገኛላችሁ። ግን ኤምቲ የተባለ ባለ ሽቦ ቸርኬም ስላለ ፊደሉን ብቻ አትመኑ።

ቱብለስ ጎማ ገዝታችሁ ቸርኬያችሁ ባለ ሽቦ ቢሆንስ? ካላማዳሪ አስገብታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ግን አድርጉ። የጎማውን ውስጥ ዳብሱ። አንዳንዱ ቱብለስ ከውስጥ ሸካራ መስመሮች ስላሉት ካላማዳሪውን ይፍቃል። እንዲህ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ጎማና ካላማዳሪ ሲፋተጉ ስለሚሞቁ በቆላ ረጅም መንገድ ፍጥነታችሁን ቀነስ አድርጉ።

4. የካላማዳሪውን ቁጥር ከጎማው ጋር አገናኙ

ካላማዳሪ ይለጠጣል፣ ስለዚህ አንዱ ለሁለት ሦስት ስፋት ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ወይም ራሱ ላይ 2.75/3.00-17 ከተባለ ለሁለቱም ይሠራል። ለቦክሰር ዓይነት ሞተር ይህ ጥሩ ዜና ነው። አንድ መጠባበቂያ ብትይዙ ለፊትም ለኋላም ትሆናችኋለች።

የእናንተ ጎማ ስፋት በተጻፈው ክልል ውስጥ ካልሆነ አትውሰዱ። ትልቁ ይታጠፋል፣ አይተነዋል። ትንሹስ? ትንሹ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይሳሳል። እንደተነፋ ፊኛ አስቡት። ትንሽ እሾህ ስትነካው ቀስ ብሎ በመተንፈስ ፈንታ ይተረተራል።

ካርቶኑንም አትመኑ። ካላማዳሪ ካርቶን ውስጥ ሲቀያየር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አውጡት፣ ራሱ ካላማዳሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የካርቶኑና የላስቲኩ ቁጥር ካልተገናኘ መልሱት። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

አዲስ ጎማ ስትገዙ አዲስ ካላማዳሪ ግዙ። አውቃለሁ፣ አሮጌው አልተበሳም፣ ንፋስ ይይዛል፣ ጥሩ ይመስላል። ግን ያ ካላማዳሪ አሮጌው ጎማ ውስጥ ሆኖ ተለጥጦ ቀርቷል። ከአዲሱ አጠገብ አስተኝታችሁ ብታዩት ርዝመቱ ይገርማችኋል። መልሳችሁ ስትከቱት ይታጠፋል። የካላማዳሪ ዋጋ ከጎማው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

5. ቫልቩ ቀዳዳው ላይ ይስማማ

ንፋስ የሚገባበት ቫልቭ ቀጥ ያለ አለ፣ 90 ዲግሪ የታጠፈ አለ። ቀጥ ያለው ቲአር4 ይባላል፣ አብዛኛው የሞተር ካላማዳሪ ይህ ነው። የታጠፈው ቲአር87 ነው። የታጠፈው ፍሬን ወይም ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ቦታውን ለያዘበት ትንንሽ ጎማ ይጠቅማል።

ለቲአር4 ቸርኬው ላይ የሚያስፈልገው ቀዳዳ 8.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቱብለስ ቸርኬ ቀዳዳ ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቱብለስ ቸርኬ ላይ ካላማዳሪ ስታስገቡ ቀጭኑ ቫልቭ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ይወዛወዛል፣ የብረቱ ጠርዝም ሥሩን ይቆርጠዋል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይደረግበት። የቀዳዳውን ጠርዝ ደግሞ በክብ ሞረድ አለስልሱት።

6. ወፍራም ወይስ ቀጭን?

የካላማዳሪ ላስቲክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ቡቲል የሚባለው ንፋስን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ቶሎ ቶሎ መንፋት ለማይመቻችሁ፣ ከተማ ውስጥ ለምትነዱ ጥሩ ነው። ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራው ደግሞ የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲበሳም ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። ይህ ለመቆም ጊዜ ይሰጣል። ጉድለቱ ንፋስ ቀስ እያለ በራሱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ መለካት ይፈልጋል።

ውፍረቱም ይለያያል። እሾህ ለበዛበት ገጠር፣ ግራር በሞላበት ቆላ፣ ወፍራሙን እመርጣለሁ። ይከብዳል፣ ለመግጠምም ያስቸግራል፣ ግን ዋጋውን ይመልሳል። አስፋልት ላይ በፍጥነት ረጅም መንገድ ለሚነዳ ግን ወፍራሙ ይበልጥ ይሞቃል፣ መደበኛው ይሻለዋል።

ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ ይህን አድርጉ። ቅርፁን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፋስ አስገቡበት። ዙሪያውን ተመልከቱ። አንድ ቦታ ብቻ ካበጠ እዚያ ጋ ሳስቷል። መገጣጠሚያውን በጣታችሁ ዳብሱ፣ ሻካራና ጎበጥ ጎበጥ ያለ ከሆነ ተዉት። የቫልቩን ሥር ወደ ግራና ቀኝ ገፋ አድርጉ፣ ላስቲኩ ከብረቱ መላቀቅ የለበትም።

7. አገጣጠሙ

ትክክለኛውን ገዝቶ በመጥፎ አገጣጠም ማበላሸት ቀላል ነው። ጎሚስታ ጋ ብትወስዱትም አጠገቡ ቁሙና ተመልከቱ። ጥሩ ጎሚስታ ጥያቄ አያስከፋውም።

ባለ ሽቦ ቸርኬ ከሆነ፣ በሽቦዎቹ ራስና በካላማዳሪው መካከል የሚተኛ የጎማ ቀበቶ አለ። መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ወይም ከተበጣጠሰ ከአሮጌ ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጣችሁ ተኩት። ከመሐሉ ለቫልቩ ቀዳዳ አውጡለት። ከመሸፈናችሁ በፊት ጫፉ የወጣ ሽቦ ካለ በሞረድ ከዳዶው እኩል አድርጉት።

የጎማውን ውስጥ ጥረጉ። ውስጡ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ላጡት፣ የወረቀት ጠርዝ ካላማዳሪ ይበላል። ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያሳያል፣ ተገልብጦ እንዳይገባ። ቢጫ ነጥብ ካለው ያ ቀላሉ ቦታ ነው፣ ከቫልቩ ጋር ይገጣጠም። ታልክ ዱቄት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ክምር ብሎ እንዲቀር አይደለም፣ እንዳይጣበቅ ብቻ።

ካላማዳሪውን ቅርፁን እስኪይዝ ትንሽ ንፉት። ባዶውን ከከተታችሁት ይጠማዘዛል። ቫልቩን በቀዳዳው አውጡና ዳዶውን በሁለት ዙር ብቻ ያዙት። የጎማውን ከንፈር ማስገባት ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምሩና ወደ ቫልቩ ጨርሱ። ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው። የቸርኬው መሐል ጎድጎድ ያለ ነው። የገባውን የከንፈር ክፍል በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ወደዚያ ጉድጓድ ካወረዳችሁት፣ የቀረው ክፍል በቀላሉ ይገባል። ያለ ኃይል ካልገባ ተቃራኒው ከጉድጓዱ ወጥቷል ማለት ነው። ማውለቂያ ብረቱን በኃይል አትፈንቅሉ። አብዛኛው አዲስ ካላማዳሪ የሚበሳው በዚያች የመጨረሻ ፍንቀላ ነው። የሳሙና ውሃ ከንፈሩ ላይ መቀባት በጣም ይረዳል።

ከገባ በኋላ ዙሪያውን ጎማውን ገለጥ እያደረጋችሁ ካላማዳሪው በከንፈሩና በቸርኬው መካከል እንዳልተቆነጠጠ እዩ። ንፉት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱትና እንደገና ንፉት። ይህች ሁለተኛ ንፊያ እጥፋትን ታወጣለች፣ እባካችሁ አትዝለሏት። ጎማው ጎን ላይ፣ ቸርኬው አጠገብ፣ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። ከቸርኬው ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ከንፈሩ ተቀምጧል። አልተቀመጠም ብላችሁ ከ40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አታሳልፉ። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋ ኮምፕሬሰር ጋ ከሆናችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። አስተንፍሱ፣ ሳሙና ጨምሩ፣ እንደገና ሞክሩ።

የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁት። ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ መልሱት። ጎማው ቸርኬው ላይ ቢንሸራተት ቫልቩ ዘንበል ብሎ ያሳያችኋል። ዳዶው ከተጠበቀ ግን ምልክት ሳይሰጥ ከሥሩ ይቀደዳል።

ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የምትነዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ4.00-8 ጎማው ቸርኬ በሁለት ግማሽ የተሠራና በቡሎን የተያያዘ ነው። እነዚያን ቡሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት ንፋሱን እስከ መጨረሻው አውጡ። ንፋስ እያለው ከተፈታ ግማሹ ቸርኬ ፊት ላይ ሊፈናጠር ይችላል።

8. ንፋሱ

የሞተራችሁ መመሪያ ወይም የካቴናው መሸፈኛ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ያዛል። ለትናንሽ ባለ 17 ሞተሮች የተለመደው ከፊት 25፣ ከኋላ ብቻችሁን 28፣ ሰው ስትጭኑ 32 ፒኤስአይ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ።

ከደጋ ወደ ቆላ የምትመላለሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል፦ «አዋሽ ስደርስ ሙቀት ስለሆነ ላስተንፍስ?» አታስተንፍሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ስትወርዱ የውጪው አየር ይከብዳል፣ ስለዚህ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ቢጨምር ደግሞ 2 ያህል ይጨምራል። ተቻችለው ያው ይሆናሉ። በጉዞ ላይ የሞቀ ጎማ አስተንፍሳችሁ ማታ ደጋ ከተመለሳችሁ፣ የብርዱ ሰዓት ላይ የተነፈሰ ጎማ ይጠብቃችኋል።

9. የቱ ይለጠፋል፣ የቱ ይጣላል?

ካላማዳሪውን ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቩ ጎማው ላይ የት ጋ እንደነበር በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳውን ስታገኙ ከቫልቩ ያለውን ርቀት ጎማው ላይ ለኩና እሾሁን ፈልጉ። ጨርቅ ይዛችሁ ውስጡን ዙሩበት፣ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዛል። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ይቀራል። ዛሬ ለጥፋችሁ ነገ እዚያው ቦታ ከተበሳ ማስቲሹን አትውቀሱ፣ እሾሁ ገና አልወጣም።

አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትለጠፋለች። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ስትመቱ ካላማዳሪው ቸርኬው ላይ ተቆንጥጧል። ለጥፉ፣ ግን ንፋሳችሁ አንሶ እንደነበርም እወቁ፣ ቸርኬውንም እዩት። ቫልቩ ሥር የተቀደደ፣ በቁመቱ የተተረተረ፣ ወይም እጥፋት ላይ የሳሳ ከሆነ ጣሉት። የዚህ ዓይነቱ ልጥፍ አይቆይም።

መንገድ ላይ ስትወጡ አንድ ካላማዳሪ፣ ሁለት ማውለቂያ ብረት፣ የእጅ መንፊያ፣ ልጣፍና ማስቲሽ ያዙ። ማስቲሹ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጊዜው እዩት። የፊታችሁ 21፣ የኋላችሁ 18 ከሆነና አንድ ብቻ መያዝ ከቻላችሁ ባለ 21ውን ያዙ። ጭንቅ ሲመጣ የኋላው ውስጥ ታጥፎም ቢሆን ቀስ እያላችሁ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳችኋል። እዚያ ስትደርሱ ግን አውጡት። እንዲህ የታጠፈ ካላማዳሪ መጨረሻው ምን እንደሆነ አባይ በረሃ ላይ አይቻለሁ።

አዲስ ከገጠማችሁ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ቁሙ። ጎማው ሲቀዘቅዝ ንፋሱን ለኩ። ሽቦዎቹን መታ መታ አድርጉ። ቫልቩን ከጎን እዩት። ዘንበል ካለ አስተንፍሱ፣ ጎማውን ቸርኬው ላይ መልሳችሁ ቫልቩን ቀጥ አድርጉ፣ እንደገና ንፉ።